መልስ ሰጪዋ

የአያቴ መሬት ለአራት ልጆቹ ለምን አምስት ቦታ እንደተከፈለ ለማወቅ የድሮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ሳገላብጥ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ቀረ። አክስቴ ገና ሕፃን ሳለች በተደረገው ቆጠራ ለቆጣሪው መልስ የሰጠችው «የቤቱ ልጅ፣ ዕድሜ ሰባት» ተብላ ተመዝግባለች። አክስቴ ወልዳ ከብዳ ሳለች በተደረገው ቆጠራም መልስ ሰጪዋ አሁንም የሰባት ዓመት ልጅ ናት።

«ጸሐፊው ተሳስቶ ነው» አለች አክስቴ፣ ሳታየኝ። «አምስተኛ ልጅ አልነበረም። አሁንስ ነገር መቆስቆሱን ተውና እረፍ።»

በሩ ተንኳኳ። እግሬን እየጎተትኩ ስደርስ ተከፍቷል፤ የዘንድሮው ቆጣሪ ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ነው።

«ቆየሁብህ፣ ይቅርታ። እኔና አክስቴ ብቻ ነን» አልኩት።

«ግድ የለም፣ ጨርሻለሁ» አለኝ፣ ወደ ጎኔ ዝቅ ብሎ እያየ፣ ፈገግ ብሎ። «ልጅቷ ሦስት ነን ብላኛለች።»