ከተሰነጠቀው ቋጥኝ ሥር

በሐይቁ መሀል ባለችው ደሴት ላይ አንድ ንጉሥ ወርቁን ከነሣጥኑ ቀብሮ እንደሄደ የማያውቅ የከተማዋ ሰው የለም። የትኛው ንጉሥ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም፤ ደግነቱ ማንም አይጠይቅም።

ፀጉር አስተካካዩ በዚህ ወሬ አያምንም። ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቅላት በእጁ ይዞ ስለሚውል፣ ውስጡ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም ባይ ነው። የባዶዎች ሁሉ አውራ ደግሞ የአማቱ ጭንቅላት ነው። ሽማግሌው ጡረታ ከወጡ ጀምሮ አካፋቸውን እንደ ከዘራ ይዘው ወደ ደሴቷ ይመላለሳሉ። አካፋው ዛሬም ከሱቅ እንደወጣ ያብረቀርቃል፤ ዕቃ አያያዝ ያውቁበታል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሽማግሌው፣ «ቤቱን ልሸጠው ነው» አሉ። «ጉልበቴ ከዳኝ፤ ቆፋሪ ልቅጠር።»

ፀጉር አስተካካዩን ውሃው ትን አለው። ከሚስቱ ጋር የሚኖረው በዚያው ቤት ነው፤ ፀጉር ቤቱም በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል ናት።

«አባባ፣ እኛስ የት እንግባ?»

«ቤተ መንግሥት ነዋ! ቦታው ተገልጦልኛል። ከተሰነጠቀው ቋጥኝ ሥር ነው። ቅዳሜ ራሴ እሞክራለሁ፤ ትንሽ ነገር እንኳ ካገኘሁ፣ በቃኝ፣ ቤቱም ይቅር።»

ትንሽ ነገር! ብልህ ሰው እንዲህ ያለው አያመልጠውም። ፀጉር አስተካካዩ ከእናቱ የወረሰውን የወርቅ አምባር በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አርብ ዕለት ተሻገረና ከቋጥኙ ሥር ቀበረው። የአባቷ ልጅ ናት ብሎ ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሲሻገር ያየው ጀልባ ቀዛፊው ብቻ ነበር።

«አንተንም ለከፈችህ?» አለው ቀዛፊው እየሳቀ።

ቅዳሜ ማታ ሽማግሌው አመድ መስለው ተመለሱ። «አፈር ብቻ!»

እሑድ ፀጉር አስተካካዩ ሄዶ ጉድጓዱን በጥፍሩ ሳይቀር ጫረው። አምባሩ የለም። ቀዛፊው ደግሞ አዲስ ጫማ ተጫምቷል።

«ጫማህ ያምራል» አለው ጥርሱን ነክሶ።

«ወንድሜ ነው የላከልኝ።»

«እንዲህ ያለ ወንድም ለኔም ይስጠኝ!»

«ሌባ!» ብሎ እንዳይጮኽ፣ ምን ተሰረቅህ፣ እዚያስ ምን ወሰደህ ሊባል ነው። ስለዚህ ቀዛፊው ሊላጭ በመጣ ቁጥር በዶለዶመ ምላጭ ፍርዱን ይሰጠዋል። በእናቱ አምባር ግን አንጀቱ አረረ።

ሽማግሌው ስለ ሽያጩ ዳግም አላነሱም። ጉልበታቸውም ተመለሰ።

ብዙ ሳይቆይ የመጨረሻ ልጃቸውን ሊያገባ ያሰበው መምህር ለትውውቅ መጣ። ከሠርጉ በኋላ እሱም እዚያው ቤት ሊገባ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ተሰበሰበ። ሽማግሌው አዲሱን አማች ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ስለ ደሴቷ፣ ስለ ከዳቸው ጉልበት፣ ቤቱን ለመሸጥ ስለ መቁረጣቸው በሐዘን ይነግሩት ጀመር።

የትልቋ ልጃቸው ባል፣ አናጢው፣ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ ብሎ ሹክ አለው፤

«እኔ የአባቴን የወርቅ ሰዓት ነበር የቀበርኩት፤ አንተስ?»