ላስቲክ የታሰረበት ክንድ

የሰሊጥ ጆንያ ሳነሳ የክንዴን ደም ስር ሱዳን ማዶ የቆመ ሰው ይቆጥረው ነበር። ውሸት ካላችሁ የአብደራፊን ከተማ ሰው ጠይቁ! በዚህ ጉልበቴ ተመክቼ ነው ከጎጃም ለሥራ የመጣውን ጓደኛዬን ባህሩን፣ «አጎበር ለቢሮ ሰው ነው፤ ና ከግራሩ ሥር እንተኛ» ያልኩት።

የግራሩ ሥር ዝንብ ነክሳ ካላዛር የሚሉትን በሽታ አስያዘችው። ሦስት ወር አመንምኖት ዛሬ ጠዋት አረፈ። አስከሬኑን አገሩ የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ጋቢ ለብሶ ተጋድሟል፤ አንድ እጁ ብቻ መዳፉ እንደተዘረጋ ከጋቢው ወጥቷል። ከግራሩ ሥር አብሬው አድር ስለነበር እኔም ልመረመር አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሲስተር አይናለም ክንዴን በላስቲክ አሰረችው።

«ይጨብጡ፣ ጋሽ ገሰሰ።»

«ላስቲክ ምን ያደርጋል? የእኔ ደም ስር ሳይጠሩት ነው የሚመጣው!»

«ሙቀትና ሸክም ያሳብጠዋል። ላስቲኩ ደግሞ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያግድና ደም ስሩን ያጎላዋል።»

ጨበጥኩ። ክንዴ እንደ ሕፃን ክንድ ልሙጥ ሆኖ ቀረ። አጠበቀችው። ምንም የለም።

«አንቺን አፍሮ ነው» ብዬ ሳቅሁ።

አልሳቀችም። የምታየው የእኔን ክንድ አልነበረም። ከጋቢው በወጣው እጅ ላይ ደም ስሮቹ እንደ ገመድ ተወጥረዋል። ጣቶቹም ተጨብጠዋል።

«ጋሽ ገሰሰ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እስኪ ጭብጥዎን ይፍቱ።»

ፈታሁ።

ባህሩም ፈታ።