ስለ ላቀች የተጻፈው ደብዳቤ

ደብዳቤው የተገኘው ሰኞ ጠዋት፣ በአስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ ነው። የሽልማቱ ቀን አርብ ነበር።

ፍቃዱ አንብቦ ሲጨርስ የቢሮውን በር ዘጋ። ቦንጋ ባለ አንድ ኮሌጅ የሰው ሀብት ኃላፊ ነው፤ የዓመቱን ምስጉን ሠራተኛ የሚያስመርጠውን ኮሚቴም የሚመራው እሱ ነው። ወረቀቱ በኮምፒውተር የተጻፈ ሲሆን ፊርማ የለውም።

«ላቀች ለሽልማት አትበቃም» ይላል። «ከሰዓቱ በፊት ቤተ መጻሕፍቱን ዘግታ ትወጣለች። ተማሪ ታመናጭቃለች። ሃያ ሁለት መጻሕፍት የት እንደገቡ አይታወቅም። ኮሚቴው ስሟን ይሰርዝ።»

ፍቃዱ አላመነም። ላቀች ቤተ መጻሕፍቱን ሃያ አንድ ዓመት ይዛለች። የተገነጠለ መጽሐፍ በመርፌና በክር ትሰፋለች። ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ መደርደሪያውን ብቻዋን ትገፋለች። ከገጠር የመጣ ተማሪ ምሳ አለመብላቱን ፊቱን አይታ ታውቃለች። አንድ ችግር ብቻ አለባት፤ ከኋላዋ ሲጠሯት ቶሎ አትዞርም። «ላቀች!» ብሎ ሁለት ሦስቴ መጮህ ያስፈልጋል። ጆሮዋ ደከም ብሏል ይባላል።

ሠራተኛው በምስጢር ድምፅ ሲሰጥ ከሰማንያ አራቱ ስልሳ አንዱ እሷን መረጠ። ሁለተኛ የወጣው የአይሲቲ መምህሩ ሳሙኤል ነበር፤ አሥራ አራት ድምፅ አገኘ።

ፍቃዱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋው። በግራ ጠርዙ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥቁር መስመር ወርዷል። መስመሩን ያውቀዋል። እንዲህ የሚያትመው ሳሙኤል ክፍል ያለው ፕሪንተር ነው።

የኮሚቴውን ጸሐፊ ሶሲን ጠርቶ ቤተ መጻሕፍቱን አስቆጠረ። አንድም መጽሐፍ አልጎደለም። ተማሪዎቹን ጠየቁ፤ ላቀች አመናጭቃኛለች ወይም ከሰዓቱ በፊት ዘግታለች ያለ አልተገኘም። ደብዳቤው ከዳር እስከ ዳር ውሸት ነበር።

ሳሙኤል ከሰዓት በኋላ ተጠራ።

«አንተ ነህ?» አለው ፍቃዱ ወረቀቱን እያቀበለው።

ሳሙኤል አነበበና ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሽ ፍቃዱ፣ እኔ ራሴ እኮ የመረጥኩት እትዬ ላቀችን ነው!»

«እሷ ብትሰረዝ ተሸላሚው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ግን...»

«ከሽልማቱ ጋር የሚሰጠው የእርከን እድገትስ? የትምህርት ዕድሉስ? የማን ነው የሚሆነው?»

«የክፍሉ ቁልፍ እኮ እኔ ጋ ብቻ አይደለም» አለ ሳሙኤል። «ጽዳቶቹ ጋ አለ፣ ጥበቃ ጋ አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ስፖርት ክበቡ...»

«በቃ፣ ኮሌጁን በሙሉ ልትጠራልኝ ነው?»

ፍቃዱ ወረቀቱን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

ማክሰኞ ወሬው ግቢውን አዳረሰ። በሠራተኞች ክበብ ሳሙኤል ወደተቀመጠበት ጠረጴዛ ማንም አልተጠጋም። ሲገባ በካፊኖኖ የሚጫወቱት ያቆማሉ፤ በአማርኛ የሚጫወቱትም ያቆማሉ። የሚያስተምርበት ሰሌዳ ላይ አንድ ሰው «ምቀኛ» ብሎ ጽፎ ጠበቀው። ረቡዕ ጠዋት ወደ ዋጫ ከተማ እንዲዛወር ማመልከቻ አስገባ። ባለቤቱ ማርቲ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ዋጫ የሚያውቁት ሰው የለም።

«ንጹሕ ሰው አይሸሽም» አለ ፍቃዱ ለሶሲ፤ ማመልከቻውንም ፈረመበት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ላቀች ቢሮው መጣች። ፍቃዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዋን ይዛ የመጣች መሰለው። እድገቱ እንዲጸድቅ የተሸላሚው ማስረጃ አዲስ አበባ ተልኮ መጣራት ነበረበት፤ ዋናውን እንድታመጣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጠይቋታል። ቢታ ገነት ከተማ፣ ቤተሰብ ጋ ነው ብላው ነበር።

እጇ ላይ ምንም የለም።

«አቶ ፍቃዱ፣ ሳሙኤልን ተዉት። እሱ አልጻፈውም።»

«እንዴት አወቁ?»

መሬት መሬቱን አየች። «ልጁን አውቀዋለሁ። ሽልማቱንም ለእሱ ስጡት። ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ፍቃዱ ልቡ ተነካ። ስሟን ላጠፋ ሰው የምትለምን ሴት በዕድሜው አላየም።

«እርስዎን የመረጥንዎት ለዚህ እኮ ነው፣ እትዬ ላቀች» አላት። «ስለ ማስረጃውም አይጨነቁ። ፋይልዎ ውስጥ ያለውን ኮፒ ዛሬ ጠዋት ልኬዋለሁ።»

ላቀች የበሩን እጀታ ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ አመስግናው ወጣች።

አርብ አዳራሹ ሞላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሳሙኤል ወንበር ትቶ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ከጎኑ ማርቲ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ቆማለች። ፍቃዱ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ታማኝ አገልግሎት ተናገረ። ቀጥሎም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በመካከላችን የሰው ክብር የሚያንገበግበው አለ፤ ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል» አለ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ማርቲ አቀረቀረች።

የላቀች ስም ሲጠራ አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

ቀስ ብላ ወጣች። የምስክር ወረቀቱን ፍቃዱ ሲዘረጋላት አልተቀበለችውም። ማይክራፎኑን ያዘች፤ የምታየው በሩ ጋ የቆሙትን ሁለቱን ነበር።

«ሳሙኤል የለበትም» አለች። «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሜን እንድትሰርዙት ብዬ ነው።»

ጭብጨባው ተቋረጠ። ፍቃዱ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደቀረ ጠጋ አላት።

«ምን ማለትዎ ነው፣ እትዬ ላቀች?»

«ላቀች ታላቅ እህቴ ነበረች፤ ከሞተች ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የተቀጠርኩት በእሷ ማስረጃ ነው።»