ሁለት ምሁር በአንድ ሱሪ

ሕግና ቴአትርን ባንድ ጊዜ የሚያጠናው ጎበዝ፣ በራሱ አፍ፣ ሁለት ምሁር በአንድ ሱሪ ነበር። የሕግ ትምህርት ቤት ዲኗ ግን አልተደነቁም። «በዛሬው የልምምድ ችሎት ካልረታህ ሕጉን ትተዋለህ» አሉት።

«ምን ገዶኝ፣ ዶክተር! አዳራሹን በእንባ ነው የማጥበው!»

እውነትም ተነሥቶ የዶሮ ሌባ የተባለውን ተከሳሽ ረሃብ፣ የስድስት ልጆቹን ሰቆቃ፣ የእናቱን ዓይነ ስውርነት ሲያወርደው፣ አግዳሚ ወንበሩ ሳይቀር አነባ። ተከሳሽ ሆኖ የቀረበው ላጤ ተማሪ እንኳ ለሌሉት ስድስት ልጆቹ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ዳኛው አፍንጫቸውን እየጠረጉ በነጻ አሰናበቱት። ጭብጨባው ሲቀልጥ፣ ጎበዙ ሦስት ጊዜ እጅ ነሣ።

«ረታሁ አይደል፣ ዶክተር?»

«ተከሳሹማ ረታ» አሉ ዲኗ። «ዐቃቤ ሕጉ ግን አንተ ነበርክ፣ ልጄ።»