ሌላ አስተያየት

ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርትመንቴ ሆኜ ለአንድ የበረዶ መንሸራተቻ ሪዞርት ደንበኞች እደውላለሁ። ለፓርኪንጉ፣ ወደ ተራራው ለሚያወጣቸው ሊፍትና ለቁልቁለቱ ከአምስት ስንት እንደሚሰጡ እጠይቃለሁ።

አምና ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ሐበሻ አገኘሁ፤ ከእኔ ብዙም የማይርቁት የአሌክሳንድሪያው ጋሼ ፍቅረማርያም። የአገሬ ሰው አይቀየመኝም ብዬ፣ ገና ሳልደውል ሦስቱንም አምስት ሞላሁና "ሌላ አስተያየት፦ የለም" ብዬ ፎርሙን ላክሁት። ከዚያ ለወጉ ያህል ደወልኩላቸው።

"የኔ ልጅ፣ የቁልቁለቱ ላይኛው መታጠፊያ ላይ ያለው መከላከያ መረብ ተቀዷል" አሉኝ። "ከሥሩ ገደል ነው። አደራ፣ ጻፊልኝ።"

"እሺ ጋሼ" አልኳቸው። የተላከ ፎርም ግን አይከፈትም። ለአለቃዬ ልንገር ብል ሳልደውል መሙላቴ ሊታወቅብኝ ነው። ዝም አልኩ።

ማርች ላይ በዚያው ቀዳዳ ወደቁ። ልቅሶ ቤት ሄጄ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ልጃቸው "አባዬን ከየት ነው የምታውቂው?" ስትለኝ "ከቤተክርስቲያን" አልኳት።

ዛሬ ጠዋት የዘንድሮው ዝርዝር ሲመጣ ስማቸው መጀመሪያ ላይ ነበር። ስልኩን ልጃቸው ይዛው ይሆናል፣ እውነቱን ልንገራት ብዬ ደወልኩ።

"አቤት፣ የኔ ልጅ" አሉ ጋሼ ፍቅረማርያም። ከጀርባቸው ነፋስ ያፏጫል።

እስክጠይቃቸው አልጠበቁም።

"ፓርኪንጉ አምስት፣ ሊፍቱ አምስት፣ ቁልቁለቱም አምስት" አሉ ቀስ ብለው። "ሌላ አስተያየት የለኝም። እንደዚያ አይደል የጻፍሽልኝ?"