አንድ ገመድ፣ አምስት ቀዳዳ

«ይህን ገመድ የነካ ሰው ዛሬውኑ ይሰናበታል» አለ ሥራ አስኪያጁ...

እኔ መወልወያ ጨርቄን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ።

የነካሁት እኔ ነኛ።

ጠዋት ኢንተርኔቱን ለቢሮው የሚያከፋፍለውን ራውተር አቧራ ልጠርግ ሳነሳው፣ የውጭውን መስመር ከሚቀበለው ሞደም የመጣው ገመድ ተነቀለ። ከኋላው አምስት ቀዳዳ አለ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። አንዱ ላይ ሰካሁት... ቀጭ አለ፣ መብራትም በራ። ደህና ነው ብዬ ሄድኩ።

ለካ ቅርንጫፋችንን ከዋናው ቢሮ ቆርጬው ነው። ደንበኛው ሦስት ሰዓት ተሰልፎ ቆመ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ... የሁለት ዓመት ልጄ ትዝ አለችኝ። ዘጋሁት።

የተጠራው የኔትወርክ ባለሙያ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሏል። ሲመጣ «እህቴ፣ ማሽኑ የት ነው? ለዚህ ቤት እንግዳ ነኝ» ብሎኝ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

ሞደሙን አየ። ላፕቶፑን ሰክቶ የራውተሩን ሴቲንግ አየ።

«ወደ ዋናው ቢሮ የሚወስደው አቅጣጫ በትክክል ተሞልቷል፤ ችግሩ ሴቲንጉ አይደለም» አለ።

ከዚያ ጣቱን ራውተሩ ላይ አሳለፈ... ንጹሕ ነው። መደርደሪያው ግን ገና አቧራ ነው።

ቀና ብሎ በእጄ ያለውን ጨርቅ አየ።

አለቀልኝ አልኩ።

«ማን ነው የነካው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የውጭው ገመድ ቦታው አንደኛው ቀዳዳ ነው፤ አራቱ ለቢሮው ኮምፒውተሮች ናቸው። ሁለተኛው ላይ ተሰክቷል። ጥፋቱ መጀመሪያ የገጠመው ሰው ነው፣ ምልክት አላደረገም።»

«ማን ነው የገጠመው?»

«እኔ።»

«አንተ ብሎ ባለሙያ... ለድርጅትህ ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ገመዱን ወደ ቦታው መለሰ። ትንሽ ቆይቶ ከአዳራሹ «መጣ፣ መጣ» ሲሉ ተሰማ።

ብቻችንን ስንቀር...

«ወንድሜ፣ ዛሬ ገና መምጣትህ አይደል እንዴ?»

«እኔን ቢበዛ ይጽፉብኛል። አንቺን ያባርሩሻል።»

ነጭ ፕላስተርና እስክሪፕቶ ሰጠኝ።

«ምልክቱን አንቺው ጻፊው። ለአንቺ የገባ ለሁሉም ይገባል።»

ሰባተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ሰው የሚያነበው ነገር ጽፌ አላውቅም። «የውጭ መስመር - ለሞደም ብቻ» ብዬ ጻፍኩና አንደኛው ቀዳዳ ላይ ለጠፍኩት። ፊደሌ ጠማማ ነው... ግን እስከ ዛሬ እዚያው ተለጥፏል።

በባለሙያው ላይ ግን ደብዳቤው ተጽፏል።

አለቃዬ ይህን የምጽፍበትን ገጽ እንደሚከታተል አውቃለሁ። እንግዲህ ይወቀው... የነካሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤው ይነሳለት።

ስህተት ለማረም የግድ ሰው መጣል የለበትም። አንዳንዴ ቁራጭ ፕላስተር ይበቃል።

የእናንተንስ ጥፋት ማን ተሸክሞላችሁ ያውቃል... አመስግናችሁታል?