ሐመሩ ሐ

«ማን እሺ በለው አለህ?» አለች ይርገዱ፣ ሪሞቱን ከባሏ እጅ ነጥቃ።

አያልነህ ጥፋቱ አልታየውም። ልጃቸው ፀደይ ገዝታ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሰካችው ትንሽ ሣጥን ምስሉ ሲንቀራፈፍበት፣ ወዲያ ወዲህ ነካካው። ሣጥኑ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀ። አያልነህ ደግሞ የጠየቀውን ሰው አሳፍሮ አያውቅም፤ እሺ አለው። «ይህን ዋይፋይ ልርሳው ወይ?» ኖሯል ጥያቄው። ሣጥኑም እንደታዘዘው ረሳ።

«ደግነትህን ለሰው አድርገው። ለዕቃ እሺ ይባላል?»

በሌላ ቀን ቢሆን ነገሩ በሣቅ ባለፈ። ዛሬ ግን ፀደይ ጅማ ላይ ትመረቃለች። ጅማ ሩቅ ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ፎገራ ላይ የሩዝ አረም ጌታውን ዞር የማያስብልበት ወር ነው። ስለዚህ ምርቃቱን በቀጥታ በኢንተርኔት ሊያዩ ተስማምተዋል። ይርገዱም፣ ስምሽ ሲጠራ እዚሁ ወረታ ሆኜ እልል እልልሻለሁ ብላ ለልጅዋ ቃል ሰጥታለች። የሞባይሉ ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ያለው ይኸው የቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነው።

እንግዳው የሚባለው ጎረቤታቸው ተጠርቶ ዝናቡን እያራገፈ ገባ። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ዲሽ መስቀልም ይችላል። ሣጥኑን ነቅሎ ትንሽ አሳረፈና መልሶ ሰካው። የዋይፋዩን ዕቃም አጥፍቶ አበራ፤ ከብረት ትሪዎቹ ጀርባ አውጥቶም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። በመጨረሻ የቤቱ ዋይፋይ ስም ከነቁልፍ ምልክቱ ቴሌቪዥኑ ላይ መጣ። ፓስወርድ አምጡ አለ።

«ለትንሣኤ የተቀየረውን ማለት ነው» አለ እንግዳው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ለትንሣኤ የመጣችው ፀደይ፣ ዋይፋዩን ሰፈሩ ሁሉ ሲጠባው አይታ ነበር የቀየረችው፤ ከጠቢዎቹም ፊተኛው የእንግዳው ስልክ ነበር። ማንም አልነገረውም፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም።

ልጅቱ አሁን አዳራሽ ውስጥ ናት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ይርገዱ ግን የዚያን ጊዜ ያለቻትን አልረሳችም። «እማዬ፣ አንቺ የማትረሺው፣ ጎረቤት የማያውቀው ይሁን ብዬ የክርስትና ስሜን አድርጌዋለሁ» ነበር ያለቻት።

«ታዲያ ምን ያስጨንቃል?» አለ አያልነህ። «ክርስትና የተነሣችው ቁሐር ሚካኤል። ወለተ ሚካኤል ነዋ።»

እንግዳው ጻፈው። ሣጥኑ እንቢ አለ።

«የክርስትናዋን ወይፈን ታስታውሳለህ፤ የልጅህን ስም ግን ከሥጋው ጋር በልተኸዋል» አለች ይርገዱ።

«ወይፈኑ ቦቃ ነበር» አለ አያልነህ።

እንግዲያ አንቺ ንገሪው ቢላት ከንፈሯን ገጠመች። የክርስትና ስም ለቄስ ነው፤ ለቍርባን፣ ኋላም ለፍትሐት። እናቷ እንዲህ ብላ ነው ያሳደገቻት። የሰው አፍ የገባ ስም የት እንደሚዞር አይታወቅም። እንግዳው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት በሆዷ የያዘችውን ለዋይፋይ ብላ ታውጣው? ባታወጣውስ፣ ልጅዋ ያለ እልልታ ትመረቅ?

እንግዳው ሁለቱንም አያቸው። ከዚያ ሪሞቱን ለይርገዱ ሰጣትና ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ።

«ወለተን ጽፌዋለሁ እትዬ። ወለተ የሴቱ ሁሉ ነው፤ ምሥጢር የለበትም። የቀረውን እርስዎ ይጨርሱት።»

ይርገዱ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። የፈረንጆቹን ፊደላት አንድ በአንድ እየቃኘች ሄደችና ቆመች።

«የነሱ ሐ የትኛዋ ናት? ሐመሩ ሐ?» አለች። ካፏ ሲወጣ ምላሷን ነከሰች።

«ሀሌታውም፣ ሐመሩም፣ ብዙኃኑም ለነሱ አንድ ነው። ወንበር የምትመስለዋን ይጫኑ።»

«ለሦስቱም አንድ?» ለፈረንጆቹ አዘነችላቸው።

ጽፋ ጨረሰች። ሣጥኑ አሁንም እንቢ አለ። አያልነህ፣ የፀደይ «ፀ» ከፊደል ገበታ መጨረሻ ናት፣ እስካሁን አልደረሱባትም ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ፤ እሱ ራሱ ግን ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

እንግዳው ለግድግዳው ተናገረ።

«እትዬ፣ በኛ ፊደል የሚጠብቀውም የሚላላውም አጻጻፉ አንድ ነው። ልጆቹ ግን በነሱ ፊደል ሲጽፉ፣ የሚጠብቀውን ሁለት ጊዜ ያደርጉታል። የመጨረሻዋን ጠበቅ ያድርጓት።»

ይርገዱ ቀና ብላ ጀርባውን አየችው። ማጅራቱ ላይ የዝናቡ ጠብታ አልደረቀም። ስም አልጠራም። ትከሻውም አልዞረም።

አንዷን ፊደል ሁለት ጊዜ ተጫነች።

የመጠበቂያው ክብ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ቴሌቪዥኑ በራ፤ አዳራሽ ሙሉ ጥቁር ካባ። ሁለቱ ከሶፋው ጫፍ ሆነው አንዱን ከሌላው ሲለዩ፣ ተሳስተው ለሌላ ሰው ልጅ ሲያጨበጭቡ፣ አሁንም ያቺ ናት፣ አይደለችም ሲባባሉ፣ መድረክ ላይ ያለው ሰው «ፀደይ አያልነህ» አለ። የይርገዱ እልልታ የዝናቡን ድምፅ ከጣራው ላይ አጠፋው። አያልነህ ቆቡን አውልቆ ለቴሌቪዥኑ ጎንበስ ጎንበስ አለ፤ እሺ፣ እሺ፣ እያለ።

ድምፁ ጋብ ሲል፣ ከውጭ የባጃጅ ሞተር በጭቃው ውስጥ እያጓራ ይርቃል። ይርገዱ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ለምርቃቱ የጋገረችውን ዳቦ ልትቆርስ ዞር አለች።

ወንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ነው።